ቱቦውን አዙሩት፦ ለተፋተገና ለተቆጣ ቆዳ የሚሸጡ ቅባቶች፣ ፓውደሮችና ፊልሞች ግምገማ

የሕፃኑ መቀመጫ ሲቆጣ፣ የሯጩ ጭን ሲላላጥ፣ አልጋ ላይ የዋሉት አዛውንት ብሽሽታቸው ሲቆስል፣ ሁሉም የሚመራው ወደዚያው የፋርማሲ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ቱቦዎች ፊታቸው አንድ ዓይነት ነገር ያወራል፤ ያለሰልሳል፣ ያስታግሳል፣ ይከላከላል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው ጀርባቸው ነው። እዚያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ የሚሠራው ንጥረ ነገር ስምና በመቶኛው። ይህን ግምገማ የሠራነው ከዚያች መስመር ተነሥተን ነው።

ነጥብ የሰጠነው ግን በደፈናው ጥሩ ወይም መጥፎ ብለን አይደለም። የተላላጠ ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለምና። አንዱን የላጠው ፍትጊያ ነው፤ ጭን ከጭን፣ ስፌት ከብብት። ሌላውን ያበላሸው እርጥበት ነው፤ ላብ ወይም ሽንት ለሰዓታት አርሶት የቆየ ቆዳ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ የበቀለ ነገር አለ፤ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ። ለፊተኛው የሚያንሸራትት፣ ለሁለተኛው የሚጋርድ፣ ለሦስተኛው የሚገድል ነው የሚያስፈልገው። ችግሩ ሦስቱ መጠራራታቸው ነው። የራሰ ቆዳ ከደረቀው ይልቅ እርስ በርሱ ስለሚያዝ ይበልጥ ይፋተጋል፤ የተፋተገው ይላጣል፤ በተላጠው ላይ ፈንገሱ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቱቦ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ቢል ቱቦው ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቆዳው ወደ ሌላ ደረጃ ተሻግሮ ይሆናል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እንበል። በየማሸጊያውና በየመመሪያው ላይ ምልክቱ «መቅላት» ተብሎ ይጻፋል። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ አይታይም፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፣ ያብረቀርቃል። በዐይን ከሚፈለገው ይልቅ በእጅ ጀርባ የሚዳሰሰው ይሻላል፤ የተቆጣው ቦታ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል፣ ይሻክራል ወይም ያብጣል። ከዳነ በኋላም ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ጠቆር ወይም ነጣ ብሎ ይቆያል። ያ የቀለም ለውጥ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ክሬም አይደራረብበትም።

ዚንክ ኦክሳይድ፦ ዳይፐር ሥር የሚያሸንፈው

ጤነኛ የቆዳ ሽፋን በጥቂቱ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) 5 አካባቢ ነው። ሽንትና ሰገራ ሲቀላቀሉ አሞኒያ ይፈጠራል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ይኼኔ በሰገራው ውስጥ ያሉት ፕሮቲንና ስብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። ሥራቸው ምግብ መፍጨት ነው፤ ቆዳም ያው ፕሮቲንና ስብ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን መቀመጫው በአንድ ቀን የሚላላጠው ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሞቹ አንጀት ውስጥ ሳይሰበሩ በፍጥነት ይወጣሉ።

እንዲህ ላለው ጉዳት መጋረጃ እንጂ ማለስለሻ አይበቃም። ዚንክ ኦክሳይድ ነጭ የማዕድን ዱቄት ነው፤ በውሃ አይሟሟም፤ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ጥቅሙም መቀመጡ ነው። ዴሲቲን የተባለው የዚንክ ቅባት በሁለት ዋና ዓይነት ይገኛል፤ ለየዕለቱ የታሰበው 13 በመቶ፣ ከባዱ 40 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ አለው። ቆዳው ገና ሳይላጥ ለመከላከል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው በቂ ነው፤ በቀላሉ ይዘረጋል፣ በቀላሉ ይጸዳል። የተላጠ ነገር ካለ ወይም ተቅማጥ ከጀመረ በቀጥታ ወደ 40 መሄድ ነው። የ40 በመቶው ጉድለት ግትርነቱ ነው። ከቱቦው ወጥቶ ወዲያው በተላጠ ቆዳ ላይ ሲጎተት ያሳምማል። መጀመሪያ እጅ ላይ ጨምቆ በጣት እያሹ ማሞቅ፣ ከዚያ ሳይጎትቱ ነካ ነካ እያደረጉ ማስቀመጥ ይገባል።

ሱዶክሬም በ1931 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ስሚዝ የተባለ የደብሊን ፋርማሲስት የቀመመው ነው፤ ዚንኩ 15.25 በመቶ ነው። ለቀላል መቆጣት ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው ቤንዚል አልኮሆል ማቃጠሉን ትንሽ ያደነዝዛል። ግን ላኖሊንም አለበት። ላኖሊን ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት ነው፤ ከሰዎች ጥቂቶቹን አለርጂ ያደርጋል። በተቀባ ቁጥር የሚብስ ቆዳ ካጋጠመ ላኖሊንና ሽቶ የሌለበት መሞከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቤፓንተን የሚባለው የሕፃን ቅባት ደግሞ ዚንክ የለበትም፤ የሚሠራው ንጥረ ነገር 5 በመቶ ዴክስፓንተኖል (የቫይታሚን ቢ5 ዓይነት) ነው። ነጭ ግድግዳ ስለማይሠራ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ማየት ይቻላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ተቅማጥ ላለበት ግን አንመርጠውም፤ ላኖሊኑም እንዳለ አይረሳ።

ከቱቦ ምርጫው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አቀባቡ ነው። የዚንክ ቅባት እንደ ፊት ክሬም እየታሸ እስኪጠፋ ድረስ አይቀባም። ከተቀባ በኋላ የቆዳው ቀለም በሥሩ ከታየ ሳስቷል። ነጭ ሆኖ ቆዳውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሁለተኛው ስሕተት በየለውጡ ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት ነው። ዳይፐሩ ሲከፈት ከላይ የተቆሸሸው ብቻ ይነሣል፤ ከሥሩ ንጹሕ ሆኖ የቀረው ነጭ ሽፋን እንዳለ ይተዋል፤ በላዩ አዲስ ይጨመራል። ያንን ሽፋን ለማስለቀቅ መፈግፈግ አዲስ የበቀለውን ቀጭን ቆዳ አብሮ ያነሣል። በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ካስፈለገ ጥጥ በማዕድን ዘይት (ሽቶ የሌለው የሕፃን ዘይት ማለት ነው) ነክሮ ትንሽ አቆይቶ መጥረግ ነው፤ ዚንኩ ራሱ ይለቃል። ቅባቱ ዳይፐሩ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግር ከሆነ በዚንኩ ላይ ስስ ቫዝሊን ይደረብበታል።

የትኛውም ቅባት ዘግይቶ የተለወጠን ዳይፐር አይክስም። ሰገራ ያለበት ወዲያው፣ ሽንት ብቻ ያለበት በየ2 እና 3 ሰዓቱ መለወጥ አለበት፤ ገና ለተወለደ ሕፃን ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ቆዳው ተላጦ ከሆነ ከመጥረግ ይልቅ ለብ ያለ ውሃ ከጠርሙስ እያፈሰሱ ማጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ እየተጫኑ ማድረቅ፣ ከዚያ ቅባቱ ሳይደርስ 10 ወይም 15 ደቂቃ ዳይፐር ሳይታሰር ማስተኛት ነው። ከመደርደሪያው ምርት ሁሉ ይህን ያህል የሚሠራ አላገኘንም። የጨርቅ ዳይፐር የሚጠቀሙ ደግሞ ዲተርጀንቱን በደንብ ያለቅልቁ፤ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ አይጨምሩ፤ ማለስለሻው ጨርቁን ሸፍኖ ውሃ የመምጠጥ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ቫዝሊን፦ ቀላሉ፣ ግን ለሁሉም አይደለም

ሮበርት ቺዝብሮ በ1872 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ይህ ቅባት ዛሬም ከብዙ ውድ ክሬም ይበልጣል። ንጹሑ ዓይነት ፔትሮላተም (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ቅባት) ብቻ ነው፤ ሽቶ የለውም፣ ከመበላሸት መከላከያ ኬሚካል የለውም፣ ስለዚህ አለርጂ ብዙም አያመጣም። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ የመያዝ ኃይሉ ከሚታወቁት ቅባቶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ለመከላከል፣ ለተላጠ የሯጭ ቆዳ፣ ለደረቀ የከንፈር ዳር፣ በዚንክ ላይ ለመደረብ አንደኛ ነው። ሲገዛ ጀርባው ላይ «100 በመቶ» የሚል መኖሩን ማየት ነው፤ የሕፃን ሥዕል ያለበትና ሽታው የሚያውደው ዓይነት ሽቶ ተጨምሮበታል። ከሰፊ ማሰሮ በጣት እየተዛቀ የሚወጣ ከሆነ ሰገራ የነካ እጅ እንዳይገባበት በንጹሕ ማንኪያ ይቀነስ፤ በቱቦ ያለው ይሻላል።

የማይሆንበት ቦታ ግን አለ። የሙቀት ሽፍታ የሚባለው፣ አንገትና ጀርባ ላይ ችፍ ችፍ ብሎ የሚወጣው፣ የላብ ቀዳዳዎች ተደፍነው ነው። እዚያ ላይ ቫዝሊን መቀባት የተደፈነውን እንደገና መድፈን ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ልብስ ማቅለል፣ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቅ ነው፤ ምንም ወፍራም ቅባት አይነካውም። ፔትሮላተም የላቴክስ ኮንዶምን ያዳክማል፤ ብሽሽት ላይ የሚቀቡ አዋቂዎች ይህን ይወቁ። ሌላው እሳት ነው። ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ይህንኑ አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያውም ፓራፊን (ቫዝሊን የሚሠራበት ዓይነት የነዳጅ ቅባት) የሌለባቸውን የቆዳ ማለስለሻዎች ጭምር ይመለከታል። ማጠብ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። አልጋ ላይ የሚያጨሱ አዛውንት ካሉ ይህ ትንሽ ማስታወሻ አይደለም።

ፓውደር

አንመክርም። ታልክ (የተፈጨ ማዕድን) በሕፃን ላይ ሲነሰነስ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ይገባል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለሕፃን ፓውደር እንዳይደረግ ይመክራል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ታልክ ያለበትን የሕፃን ፓውደር በ2020 ከአሜሪካና ከካናዳ፣ በ2023 ከመላው ዓለም ገበያ አወጣ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2024 ታልክን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። የበቆሎ ስታርች የሆነው ምትክ የታልክን ጥያቄ ያስወግዳል፤ አቧራነቱ ግን አልቀረም።

ለአዋቂም ቢሆን ፓውደር በላብ ሲርስ ይጓጉላል። የጓጎለው በእጥፋት ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈትጋል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በቅባት ላይ የተነሰነሰ ፓውደር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ቅልቅል ነው። ያለን ልዩ ሁኔታ አንድ ነው፤ 2 በመቶ ማይኮናዞል ያለበት ፀረ ፈንገስ ፓውደር፣ ፈንገስ ለሚመላለስበት የእግር ጣት መካከልና ብሽሽት፣ በደረቀ ቆዳ ላይ፣ በስሱ። ቦሪክ አሲድ ያለበት ፓውደር ለሕፃን መርዝ ነው። ቤኪንግ ሶዳም በተላጠ ቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ሕፃን ያሳመመበት ጊዜ አለ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይቆይ።

ለሚሮጥ፣ ብዙ ለሚራመድ፣ ጭኑ ለሚፋተግ

እዚህ ዚንክ ብዙም አይጠቅምም፤ ነጭ ሆኖ ልብስ ያበላሻል እንጂ አያንሸራትትም። የሚፈለገው ማንሸራተት ነው። ቦዲ ግላይድ የተባለው ስቲክ ከዕፅዋት ሰም የተሠራና ፔትሮላተም የሌለበት ነው፤ እንደ ዲኦዶራንት ይቀባል፣ እጅ አያቀባም፣ ልብስ እንደ ቫዝሊን አያቆሽሽም። ዲሜቲኮን ያለባቸው የሲሊኮን ጄሎች ደግሞ ሲደርቁ እንደ ፓውደር ልስልስ ይላሉ፤ ቀሚስ ለብሶ ለመዋል ከሁሉም የሚመቹት እነሱ ናቸው። ቫዝሊን ሁለቱንም በብርታት ይስተካከላል፤ ዕድፉን ለሚችል። የምንሰጠው ደረጃ ይህ ነው፦ ለየዕለት አለባበስ ጄል፣ ለልምምድ ስቲክ፣ ለረጅም ሩጫ ቫዝሊን፤ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ይዞ መንገድ ላይ እንደገና መቀባት።

ስቲኩ የማይሠራባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሰዓቱን ነው። ቆዳው ካላበ በኋላ የሚቀባ ስቲክ አይይዝም፤ ከመልበስ በፊት፣ በደረቀ ቆዳ ላይ ነው። ጡት ጫፍ የሚደማበት ሯጭ ደግሞ ፕላስተሩን መጀመሪያ ይለጥፍ፤ ቅባት በነካው ቦታ ፕላስተር አንድ ኪሎ ሜትር አያልፍም። ላብ ሲደርቅ የሚተወው ጨው ደቃቅ ክሪስታል ነው፤ ሁለት ጊዜ ለሚለማመድ ሰው በመካከል ውሃ ማፍሰስና ልብስ መለወጥ ከየትኛውም ስቲክ ይበልጣል። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቆያል፣ ይከብዳል፣ ይፈትጋል፤ ላብ የሚያስተላልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ስፌቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ በልኩ የተጠጋ ይሻላል። ጭን ለሚፋተግበት ሰው እስከ ጭን አጋማሽ የሚደርስ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ከመደርደሪያው ቅባት ሁሉ የተሻለ ግዢ ነው፤ አይቀልጥም፣ አይነሣም።

ከተላጠ በኋላ፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ያለ መፈግፈግ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ የማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ በተላጠ ቆዳ ላይ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ናቸው።

ለአዛውንትና ለሚንከባከቧቸው

የአዛውንት ቆዳ ቀጭን ነው፤ የአዋቂ ዳይፐር ደግሞ ወፍራም። ወፍራም ፔትሮላተም እዚህ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቅባቱ ወደ ዳይፐሩ ይተላለፍና ፊቱን ይደፍነዋል፤ ሽንቱ ሳይመጠጥ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወይ እጅግ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ወይ ፊልም የሚባለውን፣ ቆዳ ላይ ደርቆ ስስ ሽፋን የሚሆነውን ፈሳሽ፣ መምረጥ ነው።

ካቪሎን የሚባለው የማያቃጥል ፊልም በእኛ ሚዛን ለአልጋ ታማሚ ከሁሉ የተሻለው ነው። ሲቀባ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ በቆዳው ላይ የማይታይ ስስ ሽፋን ይሆናል። አልኮል ስለሌለበት በተላጠ ቆዳ ላይ አያቃጥልም፤ ዳይፐሩን አይደፍንም፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይታያል፤ እንደ አጠባቡ ብዛት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንድ ወር ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። የአቀባቡ ዝርዝር ግን ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ቆዳው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ምንም ቅባት አይኖርበትም፤ ቫዝሊን ባለበት ላይ አይያዝም። አንድ ጊዜ በስሱ ይቀባል። እጥፋት ላይ ከሆነ ቆዳው በእጅ ተዘርግቶ እስኪደርቅ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ እንደ ተያዘ ይቆያል፤ ሳይደርቅ ከተለቀቀ ቆዳው ከቆዳው ጋር ይጣበቃል። ያመለጠ ቦታ ካለ የሚደገመው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው። ሳይደርቅ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከእሳት ይራቅ።

ጡት ሥርና ሆድ ሥር ላለ እጥፋት ኢንተርድራይ የተባለ ብር የተቀመመበት ጨርቅ አለ። ሥራው እርጥበቱን ከእጥፋቱ ውስጥ ስቦ ወደ ውጭ ማትነን ነው፤ ለዚህም ነው ጠርዙ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከእጥፋቱ ውጭ መውጣት ያለበት። ጨርቁን ሙሉ በሙሉ እጥፋቱ ውስጥ የሸጎጠ ሰው «አልሠራም» ቢል አይፈረድበትም፤ ውሃው የሚወጣበት በር አጥቷል። ከሥሩ ክሬምም ፓውደርም አይደረግም፤ ካልቆሸሸ እስከ 5 ቀን ያገለግላል። ተራ ጥጥ ጨርቅ ይተካዋል ወይ? ለአጭር ጊዜ፣ በረጠበ ቁጥር የሚለውጥ ሰው ካለ ብቻ። ጥጥ ውሃ ይይዛል እንጂ አያስተላልፍም፤ ረጥቦ የተረሳ ጥጥ ባይኖር ይሻል ነበር። እጥፋት ከታጠበ በኋላ በፎጣ ቀስ ብሎ ተጭኖ፣ የቀረው በፀጉር ማድረቂያ በቀዝቃዛው አየር ይደርቃል። ሙቁ አየር የደነዘዘ ቆዳን ያቃጥላል።

ለማጠቢያ ደረቅ ሳሙና አይመረጥም፤ ፒኤቹ 9 እና 10 ይደርሳል። ለቆዳ ፒኤች የተስተካከለ ፈሳሽ ማጽጃ በለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

የአልጋ ቁስልንና የሽንት ቁስልን አለማደባለቅም አስፈላጊ ነው። ጠርዙ የተለየ፣ አጥንት በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለ ጥልቅ ጉዳት ክብደት ያመጣው ነው፤ ለእሱ ማገላበጥና ነርስ እንጂ ዚንክ አይደርስለትም። የሽንቱ ሰፋ ያለ፣ ላዩን የተላጠ፣ ድንበሩ ያልጠራ ነው።

ዋይፕስ

ጤነኛ ቆዳ ላይ ሽቶና አልኮል የሌለበት ዋይፕስ ችግር የለውም። ጀርባው ላይ «ሜቲልአይሶታያዞሊኖን» የሚል ካለ ግን ይመለስ። ይህ መከላከያ ኬሚካል ብዙ ሰው አለርጂ ስላደረገ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰይሞታል። በዳይፐር ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በሚያጸዳው ሰው ጣቶች ላይም የሚወጣ ሽፍታ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዋይፕሱ ነው።

ፈንገስ ሲገባ፣ እና የምንፈራው ክሬም

ለ3 ቀን በደንብ ተጋርዶ ያልተሻለው የዳይፐር መቆጣት ብዙ ጊዜ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ገብቶበታል፤ በተለይ ሕፃኑ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከሆነ። መለያው ጥሩ ነው። ሽንት ያበላሸው ቆዳ ወጣ ያለውና ዳይፐሩ የሚነካው ቦታ ላይ ይቆጣል፤ ዳይፐሩ የማይነካው የብሽሽት ስንጥቅ ግን ይተርፋል። ካንዲዳ ግን ስንጥቁን ይወዳል። ደማቅ ሆኖ ይሞላዋል፤ ከዳሩ ወጣ ብለው ደግሞ ችፍ ያሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይበተናሉ።

ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ማይኮናዞል 2 በመቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በስሱ። ልኬቱ የጣት ጫፍ ነው፤ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚዘረጋው ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል። ኒስታቲንም ለካንዲዳ ይሠራል፤ ለሌሎቹ የቆዳ ፈንገሶች ግን አይሠራም። ተርቢናፊን ተቃራኒው ነው፤ ቀለበት ለሚሠራው የብሽሽት ፈንገስ ፈጣን፣ ለካንዲዳ ደካማ። ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱ በቆዳው ላይ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መጋረጃው በላዩ ነው። ዚንኩን አስቀድሞ ፀረ ፈንገሱን ከላይ መቀባት መድኃኒቱን ለግድግዳ መቀባት ነው። ሽፍታው ሲጠፋ ወዲያው ማቆምም ስሕተት ነው፤ የታዘዘው ቀን ይሞላ፤ ለብሽሽት ብዙ ጊዜ 2 ሳምንት ነው። ማይኮናዞልንና ዚንክን አንድ ላይ የያዘ ቅባትም አለ፤ በአሜሪካ በ2006 የተፈቀደው 0.25 በመቶ ማይኮናዞልና 15 በመቶ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሲሆን ፈንገሱ በምርመራ ለተረጋገጠ ሕፃን ነው፤ ለመከላከል አይቀባም።

ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠነው በአንድ ቱቦ ሁሉን እፈውሳለሁ ለሚለው ክሬም ነው፤ ፀረ ፈንገስ፣ አንቲባዮቲክና ብርቱ ስቴሮይድ የተደባለቀበት። ጀርባው ላይ «ቤታሜታዞን» ወይም «ክሎቤታሶል» የሚል ካለ እሱ ነው። የሚወደደው በሁለት ቀን ስለሚያረጋጋ ነው። ያረጋጋው ግን ስቴሮይዱ ነው፤ መቆጣቱን ጸጥ ያሰኛል፣ ፈንገሱ ከሥር ይሰፋል፣ መልኩን ለውጦ ሲመለስ ሐኪምም ያደናግራል። በእጥፋትና በዳይፐር ሥር ያለ ቆዳ የተሸፈነ ስለሆነ ስቴሮይዱ ከሌላ ቦታ በበለጠ ይሰርጋል፤ ቆዳው ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረር ያወጣል። ቤታሜታዞንና ክሎትሪማዞል የተደባለቀበት ክሬም ከ17 ዓመት በታች ላለና ለዳይፐር ሽፍታ እንደማይመከር መመሪያው ላይ ተጽፏል። ለአዋቂ በአጭር ጊዜ የሚፈቀደው ቀላሉ ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ነው፤ ከአንድ ሳምንት ሳይበልጥ። ለሕፃን ሐኪም ካላዘዘ እሱም አይቀባም።

ቱቦ የማይመልሰው

ትኩሳት፣ መግል፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ ማር የመሰለ ቅርፊት፣ በፍጥነት የሚሰፋ ሙቀትና ሕመም ካለ መደርደሪያው ጋ መቆም ጊዜ ማባከን ነው። ፊንጢጣ ዙሪያ ቁልጭ ያለ ድንበር ያለው ብሩህ መቆጣት፣ ሕፃኑም ሰገራ ሲወጣ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፈውሱ አንቲባዮቲክ ነው። በብሽሽትና በጣት መካከል ለወራት የቆየ፣ ብዙም የማያሳክክ ቡናማ ንጣፍ ኤሪትራዝማ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያ ነው፤ ሐኪሙ «ዉድ» በተባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያየው እንደ ኮራል ቀይ ያበራል። አንጸባራቂና ድንበሩ የጠራ ሆኖ ፀረ ፈንገስ ለማይሰማው የእጥፋት ሽፍታ ሶርያሲስ የተባለው የማይተላለፍ የቆዳ ሕመም ይጠረጠራል። ፈንገሱ የሚመላለስበት አዋቂ ደግሞ ሌላ ክሬም ከመሞከሩ በፊት የደም ስኳሩን ያስመርምር።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አንድ ሕፃን አለ። ዳይፐር ሥር ያለው ሽፍታ በምንም አይሻለውም፤ አፉም ዙሪያ ተመሳሳይ ሽፍታ አለው፤ ተቅማጥ አለው፤ ፀጉሩ ይረግፋል። ከሥሩ የዚንክ እጥረት ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ዚንክን ከአንጀቱ መውሰድ አይችልም። ለእሱ 40 በመቶው ቱቦ አይደርስለትም፤ ዚንኩን በሐኪም ልክ በአፉ ሲወስድ ሽፍታው በቀናት ውስጥ መሻር ይጀምራል።